ከጥናቱ የወጣው ደም

ዶክተር ትጊ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «ያ ባሕርይ አላችሁ ተብሎ በስልክ የተነገራችሁ፣ ደስ ካላችሁ ብቻ፣ እስኪ ብድግ በሉልኝ» ስትል ሩሃማ ከማንም ቀድማ ተነሣች። ከጎኗ እጮኛዋ ዮአብ ተነሣ። ተያዩና ሳቁ። ውጤታቸውን ለየብቻ ከሰሙ ሰንብተዋል፤ እስከዚች ቅዳሜ ድረስ ላይነጋገሩበት ተወራርደው፣ ባሕርይው የሌለው ሰው ሌላውን ምሳ ሊጋብዝ ተስማምተው ነበር።

«አሁን ማን ሊጋብዝ ነው?» አለ ዮአብ በሹክሹክታ።

«አጎትህ» አለች ሩሃማ።

አጎቱ ጋሽ ወንዳፍራሽ ከኋላ ረድፍ ተቀምጠዋል። ሰበታ ላይ የወፍጮ ቤት አላቸው፤ ትውልዳቸው መንዝ ነው። እዚህ ቡራዩ ድረስ የመጡት ማንም ጠርቷቸው አይደለም። ደም የሰጡት ከዮአብ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ለሰው ሁሉ ሲደወል ለሳቸው ሳይደወል ቀርቷል። «ደሜን የት እንደ ጣሉት ልጠይቅ ነው» ብለው፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያለውን ጎረቤታቸውን አብዱልከሪምን በመኪናው እንዲያደርሳቸው ለመኑት። አብዱልከሪም ራሱ ደም ከሰጡትና ከተደወለላቸው ሰዎች አንዱ ነበርና እሺ አለ። አሁን ከጎናቸው አንገቱን ቀብሮ ተቀምጧል።

ጥናቱ የተጀመረው ኮሮናው ጋብ ካለ በኋላ ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ብዙ ሰው ደም ሰጥቷል። የተመራማሪዎቹ ጥያቄ ማንም ሰው በየቤቱ ሲጠይቀው የከረመው ጥያቄ ነበር፦ በአንድ ጣሪያ ሥር አድረው፣ ከአንድ ትሪ በልተው፣ አንዱን ኦክስጅን ላይ የጣለ በሽታ ሌላውን እንደ ጉንፋን ነክቶት ለምን ያልፋል? ዮአብ ይህን ጥያቄ ማታ ማታ እያነሣ የሚጥል ሰው ነበር። አባቱ አቶ ተክሉ በዚያ በሽታ ሞተዋል። በዚያው ሰሞን እሱም ታሞ ነበር፤ ግን ለጥቂት ቀን ሽታ ከመጥፋቱ በቀር ምንም አልሆነም። የሩሃማ እናት ሮማነወርቅ እንዲሁ ከሞት አፍ ነው የተመለሰችው። ያስታመመቻት ሩሃማ ግን አንድ ሌሊት አተኩሷት በማግስቱ ወደምትሠራበት የውኃ ፋብሪካ ካልሄድኩ ብላ ተቆጥታ ነበር።

«ቫይረሱ ሲገባብን ሰውነታችን አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ይሠራል» አለች ዶክተር ትጊ። «አንዱ ሰው ቶሎ ይሠራል፣ አንዱ ይዘገያል። አንዱ ብዙ፣ አንዱ ጥቂት። ይህ ልዩነት በከፊል ከወላጅ የሚወረስ ነው። የቆማችሁት ሰዎች የያዛችሁት ዘረመል፣ ባየነው መጠን፣ ቶሎ ከሚሠሩት ሰዎች ጋር አብሮ ይገኛል። ብቻውን ያድናል ማለት አይደለም። ዕድሜ አለ፣ ስኳር አለ፣ ደም ግፊት አለ። ግን የሚያግዝ ይመስለናል።»

ሩሃማ ዙሪያዋን አየች። አዳራሹ ሞልቶ የቆሙት ግን እፍኝ አይሞሉም። ዮአብ እጇን ያዝ አደረገ። «ብርቅ ነን ማለት ነው» አላት። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ግን ከሰሙት ንግግር ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ነው የወጡት። ስለ ደማቸው ሊጠይቁ መጥተው ሳይጠይቁ ወጡ። በር ላይ፣ ረዳቶቹ «አስኮ፣ አስኮ» እያሉ ከሚጮኹበት ፈንጠር ብለው፣ ሁለቱን በእጃቸው ጠቀሷቸው።

«ይሄ የቆማችሁለት ነገር ከወላጅ የሚወረስ ነው አለች አይደል?»

«አዎ ጋሼ» አለ ዮአብ።

«አንተ ከወላጆችህ ወረስክ።»

«አዎ።»

«እሷም ከወላጆቿ ወረሰች። አንድ ዓይነት ነገር።»

ዮአብ ወዴት እንደሚሄዱ ገባው። «ጋሼ፣ ይሄኮ እንደሱ አይደለም…»

«እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩ። የዘር ቆጠራው ይደገም ነው የምለው። እስኪቆጠር ድረስ ሠርጉ ይቆይ።»

ድንኳኑ ታዝዟል፣ የሩሃማ ቀሚስ ተለክቷል፣ ሰው ተጠርቷል። ሠርጉ ግንቦት ሲገባ ነው። አሁን ሚያዝያ ጋምሷል።

አብዱልከሪም መኪናውን ካቆመበት ጥሩምባውን ነፋ። «ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ደምዎን አገኙት ወይስ እኛም እንፈልግ?» አለ በመስኮት።

«ዝም ብለህ ንዳ» አሉት።

ወደ ቤቷ፣ ወደ ሱሉልታ በምትወጣው ሚኒባስ ውስጥ ሩሃማ ደም በሰጡበት ቀን ድንኳን ውስጥ የሆነውን እያሰበች ብቻዋን ፈገግ አለች። ዮአብ መርፌው ገና ክንዱን ሳይነካው ዓይኑ ተገለበጠና ከወንበሩ ተንሸራተተ። እሷ ደሟን ሰጥታ የታደለችውን ጁስ ይዛ ልትወጣ ነበር፤ ተንበርክካ አጠጣችው። አንድ ረጅም ሽማግሌ ከበላዩ ቆመው፣ «የመንዝ ልጅ በመርፌ ይወድቃል? ተነሥ፣ ሴት እያየችህ ነው» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ጋሽ ወንዳፍራሽ በየሄዱበት «እኔ ነኝ ያገናኘኋቸው» ሲሉ ነው የኖሩት። አሁን ሊለያዩዋቸው የተነሡትም እሳቸው ናቸው። ፈገግታዋ አስኮን ሳያልፍ ጠፋ።

ቆጠራው ቀልድ አይደለም። በሳቸው ቤት ሙሽራና ሙሽሪት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራሉ። በአባትም በእናትም፣ ወንድ አያትም ሴት አያትም ሳይቀር። ሽማግሌ ሲላክም ተቆጥሮ ነበር። በዮአብ በኩል ጋሽ ወንዳፍራሽ ራሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አወረዱት። በሩሃማ በኩል ግን አንድ ቦታ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፤ የእናቷ እናት። ያን ጊዜ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሙሽሪቱን ስለወደዷት «አንድ ቀዳዳ ቤት አያፈርስም» ብለው አልፈውት ነበር።

በሳምንቱ መካከል አብዱልከሪም እየነዳ ሱሉልታ መጡ። የሩሃማ አባት ኦቦ ጉርሜሳ ከበር ተቀበሏቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጉርሜሳ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«ፈያ፣ ፈያ። ግቡ፣ ብርድ ነው። ሰበታ ሞቃት ነው፣ የኛን ብርድ አትችሉትም።»

«መንዝ የተወለደ ሰው የሱሉልታን ብርድ ይፈራል?»

«ኧረ በመኪናው ውስጥ ጋቢ ደርበው ነው የመጡት» አለ አብዱልከሪም።

ሩሃማ ሻይ አቅርባ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ኦቦ ጉርሜሳ የመጡበትን ነገር ሲሰሙ አልተቆጡም። እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስላሉ። ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉና የአባቶቻቸውን ስም፣ «ጉርሜሳ፣ ቶላ፣ ዱጉማ…» እያሉ ሽቅብ ወጡ። ሰባተኛው ላይ አልቆሙም፤ እንደ ጀመሩ ሄዱ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ዘር የሚቆጥር ሰው ሲያገኙ ነፍሳቸው ነው።

«ይበቃል፣ ይበቃል። እንዲህ ነው ሰው ማለት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በእመቤት ሮማነወርቅ በኩልስ?» አሉ።

ሮማነወርቅ ነጠላዋን ሳበች። «በኔ በኩል ያለውን ያን ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። እናቴ እናትነሽ ትባላለች። በክፉ ዘመን፣ ሕፃን ሆና፣ ከሰሜን ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር መጣች። እዚህ ሱሉልታ አንድ ቤት ተቀበላት፣ አሳደጋት፣ ዳራት። አባቴ እገሌ ነው ብላ አታውቅም። አታውቀውም ነበር፤ ወይ አውቃው መናገር አልፈለገችም።»

«ከሰሜን የት?»

«ከሰሜን።»

«ከመንዝ ሊሆን ይችላል።»

«ከጨረቃም ሊሆን ይችላል» አሉ ኦቦ ጉርሜሳ።

አብዱልከሪም ሻዩ ትን አለው። ጋሽ ወንዳፍራሽ ግን አልሳቁም። መጠጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ ሰው ላዋርድ አልመጣሁም» አሉ። «እመቤት ሮማነወርቅ፣ ልጅሽን እንደ ልጄ ነው የማያት። ግን ተክሉ የለም። ያን ጊዜ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ጥቂት ሆነን ነው የቀበርነው። ልጁን ለኔ ትቶ ነው የሄደው። እሱ በሕይወት ቢኖር እሱ ይወስን ነበር። እኔ በወንድሜ ቦታ ቆሜ፣ ልጁን ለገዛ ዘመዱ ድሬ፣ ስንገናኝ ምን ብዬ ፊቱን አየዋለሁ? ያን ቀዳዳ አንድ ጊዜ አልፌዋለሁ። ዶክተሯ ደማቸው አንድ ነው ካለች በኋላ ግን እንዴት ልለፈው?»

ሩሃማ ሊቆጧት የሚመጡ ሽማግሌ ጠብቃ ነበር፤ የመጡት ግን የፈሩ ሽማግሌ ናቸው። በንዴት የተዘጋጀችበት ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ደግሞም በሳቸው ላይ መፍረድ ቀላል አልሆነላትም፤ እንደ እሳቸው ካሰቡት፣ ነገሩ መልክ አለው። እሷና ዮአብ ብርቅ የሆነ አንድ ነገር ይጋራሉ፤ አያቷ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም። ሌሊቱን እሷም መቁጠር ጀምራ ነበር።

ሲወጡ ወደ መኪናው ሸኘቻቸው። «ጋሽ ወንዳፍራሽ» አለች፣ «ዶክተር ትጊ ራሷ መጥታ ብትነግርዎት ይሰሟታል?»

«ለምን አልሰማትም? እሷ አይደለች ያመጣችው?»

«እሁድ ሰበታ ትምጣ?»

«ትምጣ። ደሜን የት እንዳደረሰችውም ትንገረኝ።»

ዶክተር ትጊ ስልኩን ስታነሣ መጀመሪያ ሳቀች። ሩሃማ ስላልሳቀች ወዲያው አቆመች። ነገሩን ከሥሩ አስነገረቻት፣ ስለ አያቷ ጠየቀቻት፣ የዮአብን አጎት ስምም ጠየቀቻት።

«ወንዳፍራሽ? ረጅም ሰውዬ? ወፍጮ ቤት ያላቸው?»

«አዎ። ደሜን ጣሉብኝ ይላሉ።»

ከዚያ ትጊ እንደገና ሳቀች፤ ይኼኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር። «እመጣለሁ» አለች። «ግን የማንንም ውጤት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አልናገርም። አንቺም ዮአብም እሳቸውም ፊት ለፊት ፈቅዳችሁልኝ ብቻ ነው።»

«አሁን አትነግሪኝም?»

«የሳቸው ነው እኮ። ቀድመው መስማት ያለባቸው እሳቸው ናቸው።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በወፍጮ ቤቱ ጓሮ ባለው ሳሎን ተሰበሰቡ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ትጊ ጫማዋ ጭቃ ሆኖ ነበር የገባችው፤ ጋሽ ወንዳፍራሽ ራሳቸው ውኃ አስመጥተው አስጠረጉላት። ኦቦ ጉርሜሳና ሮማነወርቅ ከሱሉልታ መጥተዋል። አብዱልከሪም አልተጠራም፤ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንተ ምን ልትሠራ ነው?» አሉት ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«ቤንዚኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ፍርዱን ሳልሰማ?»

ትጊ ከሻዩ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ሳታስረዝም ጀመረች። «ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ጤፍ ያውቃሉ አይደል?»

«ልጄ፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነኝ።»

«ነጭ ጤፍ ከአድአ ይመጣልዎታል። መንዝም ነጭ ጤፍ…»

«መንዝ ገብስ ነው» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «ደጋው ጤፍ አያበቅልም።»

ዮአብ መሬት መሬት አየ። ትጊ ግን አልተደናገጠችም። «እሺ፣ ከጎጃም ይመጣልዎታል። የአድአውም ነጭ ነው፣ የጎጃሙም ነጭ ነው። ነጭ ስለሆኑ ከአንድ ማሳ መጡ ይላሉ?»

«አልልም። ግን ነጭ ጤፍ ሞልቷል። እነዚህ ልጆች የቆሙለት ግን ብርቅ ነው። ሰው ሁሉ ተቀምጦ እነሱና እፍኝ ሰው ናቸው የቆሙት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ኧረ ጋሽ ወንዳፍራሽ። ሰው አፍሮ ነው እኮ ያልቆመው። አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው ሢሶው ይህ ባሕርይ ነበረው። በሰው ፊት ብድግ በሉ ስላልኩ አብዛኛው አልተነሣም። የኔ ጥፋት ነው።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ይህን ለማመን ጊዜ ፈጀባቸው። «ሢሶው?»

በሩ አጠገብ አብዱልከሪም ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም አለኝ» አለ።

ሁሉም ዞሩ።

«ምን አለህ?» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«ያ ነገር። በስልክ ነግረውኛል።»

«አጠገቤ ተቀምጠህ አልነበር እንዴ? ለምን አልቆምክም?»

«ብድግ ካልኩ እንደገና ይቀዱኛል ብዬ ነዋ። አንድ ጊዜ የቀዱኝ ይበቃኛል።»

ኦቦ ጉርሜሳ በሳቅ ጉልበታቸውን መቱ። ሮማነወርቅ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች። ሩሃማ ግን የምታየው ጋሽ ወንዳፍራሽን ብቻ ነበር፤ እሳቸው አልሳቁም። የጤፉ ነገር ገብቷቸዋል፣ የአብዱልከሪምም ገብቷቸዋል፤ ያቺ ከሰሜን የመጣች ሕፃን ግን ከፊታቸው አልሄደችም።

«ጥሩ» አሉ በመጨረሻ። «ይህ ነገር ዘመድ ናቸው አይልም። ዘመድ አይደሉምም አይልም። ቀዳዳው እዚያው ነው። ልጄ፣ እኔ የፈለግሁት አይደሉም የሚለኝ ነው።»

«እሱን ነው ልነግርዎት የመጣሁት» አለች ትጊ። «ስለ ደምዎ ነው። እዚህ ሰው ፊት ልናገር?»

«ተናገሪ። የምደብቀው የለኝም።»

«ዮአብ፣ ሩሃማ፣ እናንተስ?»

ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደም ስንሰበስብ፣ ከሁሉ አስቀድመን የምንሠራው አንድ ሥራ አለ። ዘመዳሞችን እንፈልጋለን። ወንድማማች፣ አጎትና የወንድም ልጅ፣ የአክስት ልጅ ሁለቱም ከገቡ ስሌቱን ያዛቡብናል። እንደ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ሰው ደም ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ያስተያያል፤ ዘመዳሞች ካገኘ አንዱን ይዘን ሌላውን እናወጣለን።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ቀና አሉ።

«የእርስዎ ደም አልተጣለም። ከዮአብ ጋር ተገናኘ። አጎቱ መሆንዎን ማንም አልነገረንም ነበር፤ ደሙ ነው የነገረን። ከሁለታችሁ አንዱን መያዝ ነበረብን። እሱ በምርመራ የተረጋገጠ በሽታ ነበረው፣ እርስዎ…»

«እኔ ጉንፋን ነው ብዬ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ጠጣሁ።»

«አዎ። ለዚያ እርስዎን አወጣን። ብንደውልልዎትና ብንነግርዎት ይገባን ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቆይ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። እጃቸውን ዘርግተው ንግግሯን አስቆሙ፤ ጣታቸው በአየር ላይ ቀረ። ሩሃማ ነገሩ በፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ሲወጣ አየችው። «እኔን ከዮአብ ጋር አይቶ፣ ዘመድ ነው ብሎ አወጣኝ።»

«አዎ።»

«ሩሃማንስ ከዮአብ ጋር አስተያይቷል?»

«ከሁሉም ጋር አስተያይቷል።»

«እና አላወጣትም።»

«ሁለቱም እስከ መጨረሻው አብረው ነበሩ። አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙትም ለዚያ ነው። ዘመድ ቢሆኑ ለአንዳቸው እንደ እርስዎ ሳይደወል ይቀር ነበር።»

ዮአብ የሩሃማን እጅ ፈልጎ አገኘው። ጋሽ ወንዳፍራሽ ግን ገና አልጨረሱም፤ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«እስከ ስንት ቤት ይቆጥራል፣ ኮምፒዩተራችሁ?»

ትጊ ልትዋሽ አልፈለገችም። «እስከ ሦስት ቤት፣ ቢበዛ አራት። ከዚያ በላይ ሰው ሁሉ ይቀላቀልበታል።»

«እኔ ሰባት እቆጥራለሁ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። ከተሰበሰቡ ጀምሮ ፊታቸው ላይ ብርሃን የታየው ያን ጊዜ ነው። «እኔ የማላውቀው ከእናትነሽ በላይ ያለውን ነው። እናትነሽ ለልጅቷ አያት ናት። እኔ በዓይኔ ያላየሁትን ቅርቡን ማሽኑ ያየዋል፣ ማሽኑ የማይደርስበትን ሩቁን እኔ…» ቆም ብለው አሰቡ። «ሩቁን እኔም አላውቀውም። ግን የኛን ወገን አውቃለሁ። በክፉ ዘመን ሕፃን ጠፍታብን ቢሆን ኖሮ ስሟ በቆጠራው ውስጥ ይኖር ነበር። አያቴ የሞተ ጥጃ እንኳ ሳይቀር ነው ያስጠኑኝ። እንዲህ ያለች ሕፃን አልጠፋችብንም።»

«ይህን ያን ቀን ሱሉልታ ላይ ለምን አላሉም?» አለ ዮአብ።

«ያን ቀን ፈርቼ ነበራ። የፈራ ሰው የሚያውቀውን ይረሳል።»

ወደ ሮማነወርቅ ዞሩ፤ ከወንበራቸው ተነሡ። ሮማነወርቅም አብራቸው ብድግ አለች።

«እመቤት ሮማነወርቅ፣ እናትሽን አስነሥቼ አስጨነቅኩሽ።»

«እናቴን ብታውቋት ትስቅባችሁ ነበር» አለች ሮማነወርቅ። «ሰው አባትሽ ማን ነው ሲላት፣ 'አንተ የማን ልጅ ነህ?' ብላ ትጠይቅ ነበር። እሱ መልሶ እስኪጨርስ ሥራዋን ጨርሳ ትሄዳለች።»

«እኔን ብታገኘኝ ብዙ ሥራ ትጨርስ ነበር» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

ያን ጊዜ ሁሉም ሳቁ፤ ሩሃማ ግን ስትስቅ ዓይኗ ሞላ። ዮአብ አይቷት «ጁስ ላምጣልሽ?» አላት።

«ሌላም ልጠይቅ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ ትጊን። «ያ ነገር እኔ አለኝ?»

«የእርስዎንም አይተነዋል። የለዎትም።»

አብዱልከሪም ከበሩ አጠገብ ተነሣ። ቀርቦ ዮአብን ትከሻውን አቅፎ ያዘው። «እንግዲህ በእርስዎ ሂሳብ ከሄድን፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ የልጁ አጎት እኔ ነኝ። እርስዎ ጎረቤት ነዎት።»

«አንተ ከስልጤ መጥተህ?»

«ደሙ ነው የሚናገረው፣ እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«እንግዲያው አጎትነትህን ለሠርጉ አሳየኛ» አሉት። «የሙስሊሞቹን በግ አንተ ትገዛለህ።»

ሠርጉ በተባለው ቀን ሱሉልታ ላይ ሆነ። ጠዋት ጭጋግ ወርዶ ድንኳኑን ሸፍኖት ነበር፤ ሙሽራው ሲደርስ ተገፈፈ። ከሰበታ የመጣው የሚዜዎች መኪና መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ስለነበር፣ ዮአብ ሱሪውን አቧራ ነክቶት፣ ከአብዱልከሪም የቆርቆሮ መጫኛ መኪና ላይ ነው የወረደው። የሱሉልታ ሴቶች ይህን አይተው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ዘፈን አወጡለት፤ የትኛው የበለጠ እንደሰደበው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አብዱልከሪም በጉን ገዝቷል፤ የሙስሊሞቹ ድስት ዘንድ ሚስቱ ራህመት ቆማ ማንም ጭልፋ እንዳያደባልቅ ትጠብቅ ነበር። እሱ ደግሞ ከሙሽራው ዘመዶች ረድፍ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለመጣ ሰው ሁሉ «አጎቱ ነኝ» ይል ነበር።

ለምርቃት ጋሽ ወንዳፍራሽ ተነሡ። ሰው እንደፈራው ረዘመ። በዮአብ በኩል ያለውን አንድ በአንድ አወረዱ፤ ተክሉ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ትንሽ ወረደና ተመለሰ። በኦቦ ጉርሜሳ በኩል ያለውን ኦቦ ጉርሜሳ ከጎን እያረሟቸው ወጡት። ከዚያ ወደ ሮማነወርቅ ወገን መጡ። ሩሃማ ቬሏን ገለጥ አድርጋ አየቻቸው።

«እናትነሽ» አሉ። ለአፍታ ቆሙ። ከሷ በላይ ስም የላቸውም፤ ማንም የለውም። «አባቷን አናውቅም። ከዚህች እናት ቤት ጋር እንዳንገናኝ ብዬ ፈርቼ ነበር። ይኸው ዛሬ ተገናኘን። እሰይ።»

ሮማነወርቅ ናት መጀመሪያ እልል ያለችው።

ከምሳ በኋላ ሩሃማና ዮአብ በየጠረጴዛው እየዞሩ እንግዳ ሲያመሰግኑ ወደ ዶክተር ትጊ ጠረጴዛ ደረሱ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀምጠው ነበር።

«የሚቀጥለው ጥናት ላይ ዮአብን አውጡትና እኔን አስገቡኝ» ይሏታል። «እሱ አሁን ባለትዳር ነው፣ ጊዜ የለውም።»

«እናየዋለን፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ።»

«ሩሃማስ? ዛሬ ዘመዳችን ሆናለች። እንግዲህ እሷንም ልታወጧት ነው?»

«አይ። በጋብቻ የመጣ ሰው አይወጣም» አለች ትጊ። ሩሃማን ቀና ብላ አየቻትና ሳቀች። «ልጅ ሲወልዱ ግን ልጁ ይወጣል።»

«እንደኔ?»

«እንደ እርስዎ።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ይህን አሰቡበት። ከዚያ ብርጭቋቸውን አንሥተው፣ ገና ላልተወለደው፣ ከጥናት ለሚወጣው ሰው ጠጡለት።